ለአማካይ ሦስት ጊዜ

መምህርት አልጣሽ ፀጉሯ የሸበተው በዕድሜ አይደለም ባይ ናት። «ሌላው ምዕራፍ ያደክመኛል፤ ያሸበተኝ ግን ሞገድ ነው» ትላለች፤ ስትለውም አትስቅም።

ሞገድ የሚመጣው ግንቦት ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ወደ ማለቂያው ሲጠጋ፣ ዲላ ላይ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ መምህር ተማሪውን፣ ተማሪም አጠገቡ የተቀመጠውን በማይሰማበት ወር፣ ስለ ድምፅ የሚያወራው ትምህርት ይጀመራል። ስለ ድምፅ ለማስተማር መጀመሪያ መሰማት ያስፈልጋል። አልጣሽ ግን በዚያ ወር የምታስተምረው በጩኸት፣ በጠመኔና በእጅ ምልክት ነው፤ ማታ ቤቷ ስትገባ ልጆቿን «እራት ቀርቧል» ለማለት እንኳ ድምፅ አይተርፋትም።

ዝናቡስ የእግዜር ነው፤ ይቻላል። የማይቻለው የልጆቹ መልስ ነው።

«ሞገድ ምንድነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ያ ሁሉ ተማሪ ባንድ ትንፋሽ፣ «ዌቭ ኢዝ ኤ ዲስተርባንስ ዛት ትራንስፈርስ ኢነርጂ…» እያለ እስከ አራት ነጥቡ ይወርደዋል። አንዲት ቃል አትዛነፍም።

«ጎሽ። ምን ማለት ነው?»

ልጆቹ ደብተራቸውን ይገልጣሉ።

«በአማርኛ ንገሩኝ። በጌዴኦኛም ንገሩኝ። እንደፈለጋችሁ። ምን ማለት ነው?»

ዝናቡ ብቻ ይመልስላታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ ወረቀቱ የያዘውን ሁሉ ይዘው፣ ምን እንደያዙ ሳያዩት ወደ አሥረኛ ክፍል ይሻገራሉ። ፈተና ላይም ሙሉ ማርክ ያገኛሉ። አልጣሽን የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ቢሳሳቱ ታርማቸው ነበር። ሳይገባው በትክክል የመለሰ ልጅ ግን በምን ይታረማል?

ያልሞከረችው የለም። እንዲገባቸው የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞገዱ ሲሄድ ውሃው አብሮት አይሄድም። እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ ብድግ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ቦታው ይመለሳል፤ አልፎ የሚሄደው ንቅናቄው ነው። ይህን ለማሳየት ዘንድሮም ከቤቷ ሳፋ ተሸክማ መጥታ፣ ውሃ ሞልታ፣ ቅጠል አስቀምጣ፣ ጠጠር ጥላለች። ቅጠሉ ባለበት ሲዋዥቅ ልጆቹ ሳፋው ስንት ብር እንደሚያወጣ ተከራከሩ። ገመድ ግድግዳ ላይ አስራ አርገብግባለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አሰልፋ የመጀመሪያውን ገፋ አደረገችው፤ ግፊያው ከልጅ ወደ ልጅ ተላልፎ መጨረሻ ላይ የቆመውን በበሩ አውጥቶ ጭቃ ውስጥ ጣለው። «አያችሁ? ከዚህ እዚያ ድረስ የተጓዘው ምንድነው?» ብትል፣ «ልጁ ነው ቲቸር» አሏት። በማግስቱ የልጁ እናት ዩኒፎርሙን ይዘው መጡ።

ትምህርቱ ሲያበቃ «ጥያቄ ያለው?» ትላለች። ሙሐሲን የሚባል፣ አባቱ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ የሚነግድ፣ ፊት ወንበር የሚቀመጥ ልጅ አለ፤ እጁን የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?»

አልጣሽ ወደ ፊዚክስ የመጣችው በአንዲት ጥያቄ ነው። የተወለደችው ቡሌ ነው። ልጅ ሳለች በራፋቸው ላይ ቆማ ከገደሉ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ታይ ነበር። ምሳሩ እንጨቱ ላይ ያርፋል፤ ድምፅ የለም። ሰውየው ምሳሩን መልሶ ሲያነሳ «ጧ» ይላል። እናቷን ለምን ብትላቸው «ሥራሽን ሥሪ» አሏት። ሰንበት ትምህርት ቤት ብትጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ተባለች። በመጨረሻ አንድ መምህር ብርሃን ቀድሞ እንደሚደርስ፣ ድምፅ ግን አየሩን እየገፋ ቀስ ብሎ እንደሚመጣ ነገራት፤ ያን ቀን እስከ ቤቷ እየሮጠች ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲህ የምትጠብቀው ያንኑ ጥያቄ ከሌላ ልጅ አፍ መስማት ነው። ለምን። ይህች አጭር ቃል እንዴት አንድ ሰው አፍ ውስጥ ትጠፋለች?

ዘንድሮ ግንቦት ሲገባ ርዕሰ መምህሩ ገበየሁ ቢሮው ጠራት። አብረው የተማሩ ናቸው፤ ክፋት የለበትም፤ የሰለቸው ሰው ነው።

«ሱፐርቫይዘር ሆነሽ ትምህርት ቢሮ እንድትሄጂ ተጠይቀሻል» አላት። «የራስሽ ጠረጴዛ አለ። ጠመኔ የለ፣ ጩኸት የለ። ክፍሎችሽን ለዚያ ለአዲሱ ልጅ እንሰጣለን።»

አዲሱ ልጅ ባለፉት ዓመታት የወጡትን የፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እያስገለበጠ የሚያስተምር ነው። «ሀ ከሆነ ሀ በሉ፣ ለምን አትበሉ» ሲል በጆሮዋ ሰምታዋለች። ገበየሁ ይህን ያውቃል፤ ቢሆንም ጊዜ ይቆጥባል ይላል።

«እስከ አርብ ላስብበት» አለችው።

ማሰቡ ግን አልቆ ነበር። ክፍል ገብታ እነዚያን ልጆች ስታያቸው በልቧ ከራሷ ጋር ውል አሰረች፤ እስከ አርብ አንድ ልጅ ከገዛ ራሱ አመንጭቶ «ለምን» ካለኝ እቀራለሁ። ካላለኝ ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ ሄጄ ሻይ እጠጣለሁ።

ለመጨረሻ ሙከራዋ ያሰበችው የቡሌውን ምሳር ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጉብታ አለ። ከጉብታው ማዶ፣ ወንዟን ተሻግሮ፣ እንሰትና ቡና የለበሰ ሌላ ተረተር አለ፤ በመካከሉ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግማሹ ተማሪ እዚህ ሆኖ ድምፅ ያሰማል፤ በዚያችው ቅጽበት ነጭ ነጠላ ዝቅ ያደርጋል። ማዶ ያለው ነጠላው ሲወርድ ሰዓት ይይዛል፤ ድምፁ ሲደርስ ያቆማል። ድምፅ ሦስት ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ይህን በዓይኑ አይቶ በጆሮው ሰምቶ ለምን የማይል ልጅ ካለ፣ እሱን እግዜር ያስተምረው።

የቀረው ድምፁን ማግኘት ነበር። የትምህርት ቤቱን ደወል፣ ማለትም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ፣ ልምታው ብትል ገበየሁ እጁን አወናጨፈ። «እሱን ከመታሽው ትምህርት ቤቱ ባዶውን ይቀራል። ሞክሪና እዪው።» የስፖርት መምህሩን ፊሽካ ሞከሩት፤ ከወንዙም አልተሻገረ። ልጆቹን አስጮኸቻቸው፤ ሳቅ ሆነ።

«ቲቸር» አለች ከኋላ የምትቀመጠው ቤቴል። ዝምተኛ ናት፤ ድምፅዋ በሴሚስተር አንዴ ቢሰማ ነው። «አባቴ ጋ ጡሩምባ አለ።»

የቤቴል አባት አቶ ወልደዮሐንስ የሰፈሩ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው።

«እስከ ማዶ ይሰማል?»

«በደንብ እንጂ ቲቸር። እኔም መንፋት እችላለሁ። አባቴ ሲነፋ እያየሁ ነው የለመድኩት።»

እዚህ ላይ ዲላ ያደገ ሰው ሁሉ ንባቡን አቁሞ ራሱን ይይዛል። አልጣሽ ግን አልያዘችም። ሐሳቧ ሁሉ ሦስቷ ሰከንድ ላይ ነበር። ስንቱን ለቅሶ በዚያው ጡሩምባ ተጠርታ የደረሰች ሴት፣ የራሷ ስም በዚያው ዕድር መዝገብ ላይ ያለ ሴት፣ «ነገ አምጪው» አለች።

ሐሙስ ሰማዩ ጠራ። ቤቴልና ግማሹ ክፍል ጉብታው ላይ ቀሩ። አልጣሽ የቀሩትን አስከትላ፣ ጭቃው እያንሸራተታት፣ በእንሰቱ መሀል ወደ ማዶ ወጣች። ሙሐሲን ሰዓት ያዥ ሆነ። የሚለካበት ስልክ የእሷ ነው፤ የልጆቹ ስልክ ትምህርት ቤት አይገባም። «ዝም ብለህ እንዳትነካካው። ነጠላው ሲወርድ ተጫን፣ ድምፁ ሲሰማ ተጫን። ሌላ ምንም እንዳያቋርጥህ» ብላ አስጠነቀቀችው።

ነጠላው ዝቅ አለ። ማዶ ቤቴል ጡሩምባውን ደግና ትታያለች፤ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ ያ ረጅም፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣባቸው። አልጣሽ ልጅነቷ በሙሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አላት። ወደ ልጆቹ ዞረች። አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አሁን ይላሉ ብላ ጠበቀች።

ሙሐሲን እጁን አወጣ።

«እሺ ሙሐሲን!»

«ቲቸር፣ ስንት ማርክ ነው የሚይዘው?»

አልጣሽ ዓይኗን ጨፈነች። «ድገሙት» ብላ መሐረቧን ወደ ማዶ አውለበለበች። አንድ ልኬት ልኬት አይደለም፤ የልጅ ጣት ሊዘገይ ይችላል፤ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ተደምሮ ለሦስት ይካፈላል። ይህን አስቀድማ ለቤቴል ነግራታለች። «ለአማካይ ሦስት ጊዜ» ብላታለች። ቤቴልም የምታውቀው አነፋፍ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቷን። ሦስቴ ነፋች።

በዚያ ዕድር አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ከተነፋ ስብሰባ ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ሰው ሞቷል።

ሦስተኛው እንዳለቀ ካፊያ ጣለ፤ አልጣሽና የተሻገሩት ልጆች ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ተጠልለው ሒሳቡን ያዙ። ሦስቱ ቁጥሮች ስላልተገጣጠሙ ልጆቹ የሙሐሲን ጣት በየትኛው እንደዘገየች ይጨቃጨቃሉ፤ አልጣሽ ክፍፍሉን ሳይጨርሱ መልስ የሚጠሩትን ትቆጣለች። ስልኩ ጮኸ። ሙሐሲን ዘጋው። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ ዘጋው። መታዘዝ ከተባለ ያን ቀን እንደሱ የታዘዘ የለም።

ካፊያው ሲያባራ ከዛፉ ሥር ወጡ። ጉብታው ነጭ ሆኗል። አልጣሽ መጀመሪያ ጉም መሰላት። ጉም አይደለም፤ ነጠላ ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ እዚያ ላይ ቆሟል። ከሰዉ ፊት ያለች አንዲት ሴት ሁለት እጇን ወደ ላይ ስትሰድና ደረቷን ስትመታ ታየች። ጸጥታ። ከዚያ ዋይታው ደረሰ፤ ሦስት ሰከንድ ያህል ዘግይቶ።

«ወይኔ ጉዴ» አለች አልጣሽ። አሁን ነው የገባት።

ቁልቁል ስትሮጥ ሁለቴ ወደቀች። ጉብታው ላይ የሆነውን በኋላ ሰብስባ ሰምታዋለች። የመጀመሪያዎቹ ደራሾች ቤቴልን ጡሩምባ ይዛ አገኟት፤ «ማነው?» አሏት። ልጅቷ አባቷ ከኋላ ሲሮጡ ስላየች ደነገጠች። ቲቸር አልጣሽ ናት ያዘዘችኝ ልትል ፈልጋ «ቲቸር አልጣሽ…» አለችና ለቅሶዋ አቋረጣት። ሌላ ልጅ «በገደሉ በኩል ሄደች» ብሎ ጨመረ፤ እውነቱን ነው። ለለቀስተኛ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ አልጣሽ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ እያለከለከች፣ ከቡናው መሀል ብቅ ስትል የተቀበላት ጩኸት እንጂ ሰላምታ አልነበረም። ወይዘሮ ሀዲጃ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቷ፣ ክንዷን ጨብጠው ጨብጠው፣ «አንቺ ነሽ? ራስሽ ነሽ?» እያሉ ፊቷን ዳሰሷት።

የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ገሪማ በገበያ ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ነው የመጡት። ከኋላቸው የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በጋሪ ተጭኖ ቆሟል።

«ማነው የሞተው?» አሏት።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጡሩምባው ለምን ተነፋ?»

«የድምፅን ፍጥነት ልንለካ ነው።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ለአማካይ ነው። አንዴ ብቻ ከተለካ ስህተት ይኖረዋል።»

ጋሼ ገሪማ ድንኳኑን አዩ፣ ጋሪውን አዩ፣ ጭቃዋን አዩ።

«ልጄ፣ አንዴ ብትሳሳቺ ይሻለን ነበር» አሏት።

አቶ ወልደዮሐንስ ጡሩምባቸውን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው በጋቢያቸው ጠርዝ አፉን ይጠርጋሉ። እሳቸውን ያንገበገባቸው ሌላ ነው። «ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለእኔ አይደለም ወይ? በገዛ ጡሩምባዬ እንደማንም ሰው ከቤቴ ሆኜ ልስማ?» ይላሉ። ቤቴል ከአባቷ ጀርባ ሆና መሬት መሬት ታያለች። አልጣሽ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷን አትንኩብኝ ብላ ብትለምንም የሰማት የለም፤ ሁሉም የሚናገርበት ሰዓት ነበር።

ገበየሁ ብዙም አልተናገረ። «ደወል ከለከልኩሽ፣ ሬሳ አስነሳሽ» አላትና ተመልሶ ሄደ።

ሙሐሲን ያን ጊዜ ስልኩን መለሰላት። «ቲቸር፣ አንድ ሰው ቶሎ ቶሎ ሲደውል ነበር። ሒሳቡን እንዳያቋርጥብን ዘጋሁት።»

ወንድሟ እዮብ ነው፤ ከቡሌ። መልሳ ደወለች።

«ሃሎ» አለ፤ ድምፁ ተዘግቷል።

«እዮብ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን?»

«አልጣሽ።»

ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ዓይነት፣ «አልጣሽ ሞታለች እኮ» አላት።

ነገሩን ስታጣራ፣ ከጉብታው ሥር ያለ አንድ ባጃጅ ነጂ መናኸሪያ ላለ ጓደኛው ደውሏል። ያ ለቡሌ መኪና ረዳት ነግሯል። ረዳቱ ቡሌ ላለ ባለሱቅ ደውሏል። ባለሱቁ ከበሩ ሳይነሳ ጮኾ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለጎረቤት። እዮብ ሲደውልላት ደግሞ ስልኩ እየጠራ ይዘጋበታል፤ በሕይወት ያለ ሰው የወንድሙን ስልክ እንደዚያ አይዘጋም ብለው ደመደሙ። ቡሌ ሲደርስማ ከየትኛው ገደል እንደወደቀች፣ ስትወድቅ ምን እንዳለች፣ ልጆቿን ለማን አደራ እንደሰጠች ሳይቀር ታውቆ ነበር።

እናቷ ካሳነሽ ስልኩን ተቀበሉ። በጌዴኦኛ ስሟን ጠሩ፤ ደግመው ጠሩ። አቤት ስትል አለቀሱ። አልጣሽም እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እናቷን ስታስለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም፣ ግን ከሞት ተመልሳ አቤት ስትል የመጀመሪያዋ ነው፤ ልቧ ተሰበረ። ካሳነሽ ትንፋሽ ሲያገኙ ግን ወዲያው ቁጣው መጣ።

«ቤቱ ሰው ሞልቷል። አሁን ምን ልበላቸው?»

«አለች በያቸው እማዬ።»

«ያ አንቺ ያስተማርሽው የጎረቤት ልጅ እንኳ መጥቶ እንዴት እንዳለቀሰልሽ። ‹እኔ ምንም አልገባኝም ነበር፤ እሷ ግን ማስረዳት ሰልችቷት አያውቅም› እያለ።»

አልጣሽ እንባዋን ጠረገች። ሞታ እንኳ ምንም አልገባንም ይሏታል።

ጉብታው ላይ ደግሞ የንፍሮ ጉዳይ ተነሳ። ሀዲጃ ጡሩምባውን እንደሰሙ ስንዴና ባቄላ ጥደዋል፤ በስሏል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ጋሼ ገሪማ ጢማቸውን አሻሽተው ፈረዱ። ሰው ከቤቱ ወጥቷል፤ በባዶ አይመለስም፤ የተቀቀለም አይደፋም። አግዳሚው ወረደ። ለቀስተኛው ተቀምጦ ስለ ቡና ዋጋና ስለ መንገዱ እያወራ ንፍሮውን በላ፤ ተማሪዎቹም በእፍኝ በእፍኝ ተካፈሉ። ሬሳዋ ራሷ በሳህን እየዞረች አደለች። ሲጨርሱ «እንኳን ተረፍሽ» እያሏት አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። ጋሼ ገሪማም ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ።

ለምን ያለ ልጅ አልነበረም። ይህን ሁሉ ጉድ አይተው አንድም።

አርብ ዝናብ ነበር። አልጣሽ ሌሊቱን አስባበት ጨርሳለች፤ ቃሏን ለገበየሁ ነግራ ጠረጴዛዋን ትወስዳለች። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ግን ጥላ አትሄድም። ገብታ ሦስቱን ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ አማካዩን አወጣች፤ ከመጽሐፉ ጋር የተቀራረበ ነበር። ማንም አልደነቀው። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቃችሁ» አለች። መቆጣትም ደክሟታል። «ሞገድ ምንድነው?»

«ዌቭ ኢዝ ኤ ዲስተርባንስ…»

«በቃ» አለች። «በቃ፣ ይበቃል።»

መዝሙሩ ተቆረጠ። ቆርቆሮው ላይ ያለው ዝናብ ብቻ ቀረ። ከኋላ፣ ከትናንት ጀምሮ ቀና ብላ ሰው ያላየችው ቤቴል ተነሳች። የምትናገረው ስላልተሰማ አልጣሽ ወደ እሷ ሄደች።

«ምን አልሽ?»

«የእርስዎ ለቅሶ ነው፣ ቲቸር።»

ክፍሉ ሊስቅ አለና ፈራ።

«እንዴት?»

ቤቴል የጠረጴዛዋን ጠርዝ ይዛለች። «ቡሌ ደረሰ። ግን ከዚህ ተነስቶ ቡሌ የሄደ ሰው የለም። ባጃጁም እዚሁ ነው፣ ረዳቱም መናኸሪያ ነው፣ ባለሱቁም ሱቁ ውስጥ ነው። ወሬው ብቻ ነው የሄደው።»

ሙሐሲን እጁን ሳያወጣ ዞሮ ተቃወመ።

«ልክ አይደለም። ሰዎቹ ተንቀሳቅሰዋል። ጋሼ ገሪማ እኮ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል።»

«መጣ፤ ንፍሮውን በላ፤ ተመለሰ» አለች ቤቴል። «አሁን ሱቁ ነው። እንደ ቅጠሏ ነው። የሳፋዋ።»

ሳፋውን ያስታውሱታል። አልጣሽ አጠገቧ ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ተማሪ መሀል።

ሙሐሲን አልተዋጠለትም። ግንባሩን ቋጥሮ የሰሌዳውን ቁጥሮች አየ። ልጁ እንዲህ ሲያስብ አይታው አታውቅም።

«ቲቸር» አለ፤ «ሞገድ እየራቀ ሲሄድ እየደከመ ይሄዳል ብለውን ነበር። ጉብታው ላይ ጡሩምባ ብቻ ነበር። መናኸሪያ ሲደርስ እርስዎ ሞቱ። ቡሌ ሲደርስ ኑዛዜ ሁሉ ተናዘዙ። እየራቀ ሲሄድ ለምን ጨመረ?»

አልጣሽ ቀና ብላ አየችው።

«ምን አልክ?»

ልጁ የተቆጣችው መስሎት ደነገጠ። «ለምን ጨመረ ነው ያልኩት። ተዉት ቲቸር፣ ፈተና ላይ ካልወጣ።»

«አልተወውም» አለች።

በሩ ተንኳኳና ገበየሁ ራሱን አስገባ። ጃንጥላው ይንጠባጠባል። ከትናንት በኋላ መልሷን የሚያውቀው ይመስል ነበር። «አልጣሽ፣ ከትምህርት ቢሮ ስልክ ላይ ናቸው። መልስሽን እየጠበቁ ነው» አላት።

ከወንበሩ ተነስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ሦስቱን ቁጥሮች በመዳፏ አጠፋች፤ ጠመኔውን አነሳች።

«ስልኩን ዝጋው ገበየሁ» አለችው፤ «ልጁ ለምን ብሎኛል።»